ለቤተሰብ የሚሆን ከተማ በማን ይመረጥ?

ጥያቄ፦ በደሴ ከተማ በአንድ ሆስፒታል ለዐሥር ዓመት ያህል ያገለገልኩ ነርስ ነኝ፤ ባለቤቴ ደግሞ ኮምቦልቻ ውስጥ በብረታ ብረት ሥራ የተሰማራ በያጅ ነው። ኤክስፕረስ ኢንትሪ በሚባለው የባለሙያዎች መስመር በኩል ለካናዳ ቋሚ ነዋሪነት አመልክተን ተፈቅዶልናል። ሦስት ልጆች አሉን፤ ትልቁ 16 ዓመት ሞልቶታል፣ በዚህ ዓመትም 11ኛ ክፍልን ይጨርሳል፤ ሁለተኛዋ 11፣ ትንሹ 4 ዓመታቸው ነው። ቶሮንቶ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ «ቤቴ ቤታችሁ ነው፣ እኔው ጋ ኑ» ትለናለች። የባለቤቴ የልጅነት ጓደኛ ግን ኤድመንተን ይኖራልና ለበያጅ የሚሆነው እዚያ ነው ይላል። ሌላው ዘመዳችን ኪራይ ስለሚረክስ ሞንትሪያል ይሻላችኋል ብሎናል። አማቴ በበኩላቸው ትልቁ ልጅ የ12ኛ ክፍል ፈተናውን እስኪወስድ እርሳቸው ዘንድ ይቆይ ባይ ናቸው። ሁሉም ለእኛ አስበው የሚናገሩ በመሆናቸው ማንንም ማስቀየም አንፈልግም፤ ሆኖም መወሰን አቃተን። የት ብንሰፍር ይሻለናል?
ዘ. ከደሴ፣ ሳላይሽ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን ወይዘሮ ዘ.፣ ከቀረቡላችሁ ሐሳቦች መካከል ሁለቱን በቅድሚያ ላንሣ፤ ምክንያቱም እነዚህ የምርጫ ጉዳይ አይደሉም።

የመጀመሪያው ሞንትሪያል ነው። ሞንትሪያል ያለችው በኬቤክ ክፍለ ሀገር ሲሆን፣ ኬቤክ የራሷን ሠራተኛ ስደተኞች የምትመርጠው በራሷ ሥርዓት ነው። በፌዴራሉ የኤክስፕረስ ኢንትሪ መስመር የሚያመለክት ሰው ከኬቤክ ውጭ ለመኖር ማሰቡን አስታውቆ ነው ፈቃድ የሚያገኘው። እናንተም ቅጹን ስትሞሉ ይህንኑ አረጋግጣችኋል። ከዚህ በተጨማሪ በኬቤክ የስደተኛ ልጆች በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚማሩት በፈረንሳይኛ ነው፣ ነርስም ፈረንሳይኛ ማወቋን ሳታሳይ ቋሚ የሙያ ፈቃድ አታገኝም። የኪራዩ መርከስ እውነት ቢሆንም ይህ መንገድ የእናንተ አይደለም።

ሁለተኛው የትልቁ ልጅ ከአያቱ ጋር መቅረት ነው። የአማትዎ ሐሳብ ከፍቅር የመነጨ መሆኑን ልቤ ያውቃል፤ ይሁንና ልጁ በእጁ ያለው ቪዛ የሚያበቃበት ቀን አለው። ከዚያ ቀን በፊት ካናዳ ካልገባ የተሰጠው ፈቃድ ይቃጠላል፣ እናንተም ከዚያ ሆናችሁ እንደገና በቤተሰብ መስመር ልታመለክቱለትና ልትጠባበቁ ነው። በጥገኛ ልጅነት የሚመዘገበውም ዕድሜው ከ22 በታች የሆነና ያላገባ ልጅ ብቻ ነው። ይህ ሁሉ የሚከፈለው ደግሞ ካናዳ ውስጥ በቀጥታ ለማይቀጥልበት ፈተና ሲባል ነው። ፈተናው ምን ያህል እንደጠበበም ታውቃላችሁ፤ በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ልጁን ይዛችሁት ሂዱ። ከ9ኛ እስከ 11ኛ ክፍል ያለውን ውጤቱን ማኅተም ያረፈበት፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ትራንስክሪፕት አድርጋችሁ ከትምህርት ቤቱ ሳታወጡ ግን እንዳትነሡ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንግባ። አንድ ቤተሰብ የሚሰፍርበትን ከተማ ሲመርጥ በብዛት የሚያየው ዘመድ ያለበትን ነው፤ ቀጥሎ ኪራይ የሚረክስበትን፣ ከዚያም አየሩ የሚሻለውን። እኔ ግን ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ከቤተሰቡ መካከል ጊዜው እጅግ ያጠረበት ማን ነው የሚለው ይመስለኛል። የ4 ዓመቱ ልጅ የትም ቢወሰድ ቋንቋውን በጥቂት ወራት ይይዛል። የ11 ዓመቷም ብትሆን አንዴ ብትዛወር ትቋቋመዋለች። የ16 ዓመቱ ልጅና የእርስዎ የነርስነት ሙያ ግን ሁለት ጊዜ ለመጀመር ጊዜ የላቸውም፤ ስለዚህ ከተማውን መምረጥ ያለባቸው እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

የልጁን ጉዳይ ጠጋ ብለን እንመልከተው። በካናዳ ትምህርት የክፍለ ሀገር ሥልጣን ነው፣ አንድ ወጥ ብሔራዊ ሥርዓተ ትምህርት የለም። ቶሮንቶ ባለችበት በኦንታሪዮ የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ ለማግኘት 30 ክሬዲት (ለተጠናቀቀ ትምህርት የሚሰጥ ነጥብ)፣ 40 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎትና የማንበብና የመጻፍ ፈተና ያስፈልጋል። ኤድመንተን ባለችበት በአልበርታ ደግሞ 100 ክሬዲት ይጠየቃል፣ የ12ኛ ክፍል ዋና ዋና ትምህርቶች የክፍለ ሀገሩ የዲፕሎማ ፈተና አላቸው፣ ፈተናውም የትምህርቱን ውጤት 30 በመቶ ይይዛል። ክሬዲቱ በስም አንድ ቢመስልም አቆጣጠሩ ለየቅል ነው። ልጁ ቶሮንቶ አንድ ዓመት ተምሮ ኪራዩ ስለከበደ ወደ ኤድመንተን ቢዛወር፣ በአዲሱ ትምህርት ቤት ውጤቱ እንደገና ይመዘናል፣ ያልወሰዳቸው ትምህርቶች ይወጣሉ፣ የመመረቂያው ጊዜ ይገፋል። በመደበኛው ትምህርት ቤት ያለ ክፍያ የሚማርበት ዕድሜም ገደብ ስላለው ይህ ቀላል ኪሳራ አይደለም። አዲስ ገቢ ልጆች ከእንግሊዝኛ ድጋፍ ጋር ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሊፈጅባቸው እንደሚችል ከወዲሁ ንገሩት፤ 12ኛ ክፍል እገባለሁ ብሎ ሄዶ ወደ 10ኛ ክፍል ትምህርት ሲመለስ አንገቱን እንዳይደፋ።

የእርስዎም ሙያ እንዲሁ ከክፍለ ሀገር ጋር የታሰረ ነው። የነርስነት ፈቃድ የሚሰጠው እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር በየራሱ ተቆጣጣሪ አካል በኩል ነው፤ የኦንታሪዮው ሌላ፣ የአልበርታው ሌላ ነው። ከኬቤክ ውጭ ባሉት ክፍለ ሀገሮች እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ሬጅስተርድ ነርሶች የሚወስዱት ፈተና ኤንክሌክስ የሚባለው አንድ ዓይነት ፈተና ቢሆንም፣ ለፈተናው የሚያበቃው የማስረጃ ምዘና በየክፍለ ሀገሩ ይለያያል። አብዛኛውን ጊዜ ግን በቅርብ ዓመታት በሙያው ላይ መሥራትዎ ይጠየቃል። አንዲት ነርስ «መጀመሪያ እንረጋጋ» ብላ ሦስትና አራት ዓመት በሌላ ሥራ ካሳለፈች በኋላ ፋይሏን ስትከፍት ልምዷ አርጅቶ ይጠብቃታል። ይህ በብዙ እህቶቻችን ላይ ሲደርስ ስላየሁ አጥብቄ እናገራለሁ፦ ፋይልዎን ከደሴ ሳይነሡ ይክፈቱ። ለኢሚግሬሽን የወሰዱት አይኤልትስ ጄኔራል ከሆነ ለነርስነት አብዛኛውን ጊዜ አካዳሚኩ ወይም ሴልባን የሚባለው የነርሶች የእንግሊዝኛ ፈተና ይጠየቃል። ትራንስክሪፕትዎ ከተማሩበት ተቋም በቀጥታ መላክ አለበት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤውም እንዲሁ ከአሠሪው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ በተቋማት ላይ ከደረሰው ጉዳት የተነሣ መዝገቡ የጎደለ ሰው ካለ ሬጅስትራር ቢሮ ደጋግሞ በአካል መመላለሱ ግድ ነው፤ ይህን ከኤድመንተን ሆኖ በስልክ ማስጨረስ እጅግ አድካሚ ነው።

ስለ ባለቤትዎ ብዙ አልልም፤ የጓደኛው ምክር በመሠረቱ ትክክል ነው። በኤድመንተንና በአቅራቢያዋ ባሉት በኒስኩና በሌዱክ የነዳጁን ዘርፍ የሚያገለግሉ የብረታ ብረት ድርጅቶች በብዛት አሉ፣ ኔይት በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የቴክኒክ ተቋምም እዚያው ከተማ ውስጥ ያሠለጥናል። ሆኖም በአልበርታ ብየዳ የሙያ ምስክር ወረቀት በያዘ ወይም በተለማማጅነት በተመዘገበ ሰው ብቻ የሚሠራ ሙያ መሆኑን ይወቅ። በመላ አገሪቱ የሚሠራውን ሬድ ሲል የተባለውን ማረጋገጫ እስኪያገኝ ከሙያው በታች ሊጀምር ይችላል። የነዳጅ ዋጋ ሲወርድ ሥራው እንደሚቀዘቅዝም ጓደኛው ሳይነግረው አይቀርም።

የገንዘቡ ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ቶሮንቶና ቫንኩቨር በካናዳ ኪራይ እጅግ ከሚወደድባቸው ከተሞች ግንባር ቀደም ናቸው፤ ለአምስት ሰው የሚበቃ ቤት በኤድመንተን በግልጽ በሚታይ ልዩነት ይረክሳል። አልበርታ የራሷ የሽያጭ ታክስ ስለሌላት በዕቃ ላይ የሚከፈለው የፌዴራሉ 5 በመቶ ብቻ ነው፣ በኦንታሪዮ ግን 13 በመቶ ነው። የቤት መያዣ በአልበርታ ከአንድ ወር ኪራይ መብለጥ አይችልም። በሌላ በኩል አልበርታ የኪራይ ጭማሪ ጣሪያ አላበጀችም፤ ኦንታሪዮ ግን ለአብዛኞቹ ነባር ቤቶች በየዓመቱ ጣሪያ ታስቀምጣለች። ቶሮንቶ ያለ መኪና ይኖርባታል፣ በኤድመንተን ግን የልጆች ቤተሰብ ያለ መኪና መኖር ይከብደዋል፣ የመኪናው መድን ደግሞ ለአዲስ ገቢ ውድ ነው። ስለ ልጆች የሚከፈለው ዋናው ወርሃዊ ድጎማ የፌዴራል በመሆኑ የትም ብትሰፍሩ አይለወጥም፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ባለው ዓመት ከ6 ዓመት በታች ላለ ልጅ በዓመት እስከ 7,997፣ ከ6 እስከ 17 ዓመት ላለ ልጅ እስከ 6,748 የካናዳ ዶላር ሲሆን፣ መጠኑ የቤተሰቡ ገቢ ሲጨምር ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ ድጎማ ከተማ ለመምረጫ አይሆናችሁም።

እንግዲህ ወደ አክስትዎ ልጅ እንምጣ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በቀጥታ የሚበርረው ቶሮንቶ በመሆኑ ብዙ ሰው የሚሰፍረው መርምሮ ሳይሆን ያረፈበት ቦታ ስለሆነ ነው። ልጆቹ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ይመዘገባሉ፣ አባት ያገኘውን የመጋዘን ሥራ ይይዛል፣ እናት ትንሹን ትጠብቃለች፤ ዓመቱ ሳይታወቅ ያልፋል፣ ከአንድ ምድር ቤት ክፍል ወደ ሌላ ምድር ቤት ክፍል መዛወሩም ይቀጥላል። የዘመድ ቤት ለአንድ ሳምንት በረከት ነው። አምስት ሰው ይዞ ለወራት ማደር ግን ዘመድነትን ይጎዳል፣ በተለይ አከራዩ የሰው ቁጥር የሚቆጥር ከሆነ። ለአክስትዎ ልጅ ያለዎትን ክብር ማሳየት የሚችሉት መንገድ ላይ አርፈው፣ ጥቂት ቀን አብረው ቆይተው፣ ቡናዋን ጠጥተው ነው። ሰነዳችሁ የሚታየውና ቋሚ ነዋሪነታችሁ የሚጸናው መጀመሪያ በምትገቡበት አውሮፕላን ማረፊያ ስለሆነ ከቶሮንቶ ወደ ኤድመንተን የምታደርጉት በረራ የአገር ውስጥ ጉዞ ነው፤ የነዋሪነት ካርዱም የሚላከው በምትሰጡት አድራሻ ነው።

ወሎ ያደገ ሰው ያለ ቅሬ፣ ያለ ጎረቤትና ያለ ቡና መኖር እንዴት እንደሚከብደው ስለማውቅ ይህን እንደ ትርፍ ነገር አላየውም። ሐዘን ሲደርስ ደጃፋችሁን የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልጋችኋል። ደግነቱ በኤድመንተንም በካልጋሪም ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ። በካናዳ የመጀመሪያው መስጊድ፣ አል ረሺድ፣ እ.ኤ.አ. በ1938 የተሠራው በኤድመንተን ነው፤ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናንም በከተማዋ ቤተ ክርስቲያን አላቸው። ስለ ብርዱ ግን ማንም አያባብላችሁ፤ በክረምት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ የሚደርስባቸው ቀናት አሉ፣ በታኅሣሥ ብርሃን የሚታየው ለሰባት ሰዓት ተኩል ያህል ብቻ ነው፣ በሰኔ ደግሞ ቀኑ ወደ 17 ሰዓት ይረዝማል። ሙስሊም ከሆናችሁ ረመዳን በየትኛው ወቅት እንደሚውል የጾማችሁን ርዝመት ይወስነዋል።

አማትዎን በሚመለከት፣ ወላጅን በቋሚነት የማስመጣቱ ፕሮግራም ኮታው ጠባብ ነው። ሱፐር ቪዛ የሚባለው የወላጆች የጉብኝት ቪዛ ግን በአንድ ጊዜ መግቢያ እስከ 5 ዓመት ያስቆያል፤ የእናንተን ገቢና የእርሳቸውን የጤና መድን ስለሚጠይቅ ሁለታችሁም በሙያችሁ ቶሎ መቆማችሁ እርሳቸውንም ያቀርባቸዋል። እስከዚያው በኤድመንተንና በደሴ መካከል ያለው ልዩነት ከ9 እስከ 10 ሰዓት ነውና፣ እርሳቸው ማታ እራት በልተው ሲያበቁ ልጆቹ ጠዋት ላይ ናቸው፤ የቅዳሜና የእሑድ ጠዋትን ለእርሳቸው ስልክ መድቡ።

ስለዚህ የእኔ ምርጫ ኤድመንተን ነው። የምመርጠው የባለቤትዎ ጓደኛ ስላለበት ሳይሆን፣ ኪራዩ ሁለታችሁንም በየቀኑ ሁለት ሥራ ስለማያሠራችሁና እርስዎ ለፈተናዎ የሚቀመጡበት ጊዜ ስለሚተርፍዎ ነው። የነርስነት ፋይልዎን ግን ቀድሞ ኦንታሪዮ ከፍተው ብዙ ተጉዘው ከሆነ ሐሳቤን እለውጣለሁ፤ ያን ጊዜ ቶሮንቶ ሳይሆን እዚያው ኦንታሪዮ ያለችውን ኦታዋን ተመልከቱ። የቪዛችሁ ቀን ከፈቀደ በነሐሴ መጀመሪያ ግቡ፤ ትምህርት የሚጀመረው በፈረንጆቹ መስከረም መግቢያ ስለሆነ ልጁ የእንግሊዝኛና የሒሳብ ምዘናውን ወስዶ ከክፍል ጓደኞቹ እኩል ይጀምራል፣ የብርድ ልብሱንም ሳትጣደፉ ትገዛላችሁ። እንደደረሳችሁ ቀድሞ ኤድመንተን ሜኖናይት ሴንተር ፎር ኒውካመርስ ይባል የነበረውን ኤድመንተን ኒውካመር ሴንተርን የመሰሉ፣ ለአዲስ ገቢዎች በነፃ የሚሠሩ ድርጅቶች ዘንድ ቀጠሮ ያዙ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴን ለካናዳ ቋሚ ነዋሪነት የመረጠችው የማኒቶባ ክፍለ ሀገር ናት። ወንድሞቹ ግን አልበርታ ውስጥ ካልጋሪ ስላሉ በቀጥታ ወደዚያ ብንሄድ ችግር አለው?
የወልድያ አንባቢ

መልስ፦ አዎን፣ አለው። ማኒቶባ ባለቤትዎን የመረጠችው እዚያ ሊኖር እንደሚያስብ ቃል ስለሰጠ ነው። በመግቢያው ላይ የኢሚግሬሽን ባለሥልጣኑ «የት ነው የምትኖሩት?» ሲል ካልጋሪ ብትሉ ፈቃዱ ሊከለከል ይችላል፣ የማኒቶባዋን ዊኒፔግ ብላችሁ በማግሥቱ ካልጋሪ መግባት ደግሞ ሐሰተኛ ቃል ሰጥታችኋል የሚያሰኝ ነው። ቋሚ ነዋሪ ከሆናችሁ በኋላ እ.ኤ.አ. የ1982ቱ የመብቶች ቻርተር አንቀጽ 6 በማንኛውም ክፍለ ሀገር የመኖርና የመሥራት መብት ይሰጣችኋል፤ ይህ መብት ግን ቀድሞ የተሰጠውን ቃል እውነት አያደርገውም። ዊኒፔግ ሂዱ፣ ቤት ተከራዩ፣ ልጆችን አስመዝግቡ፣ ሥራ ከልባችሁ ፈልጉ። ባለቤትዎ ያመለከተባቸውን ድርጅቶች፣ ቀኑንና የተሰጠውን መልስ በአንድ ማኅደር ያኑር፤ ሥራ ጠፍቶ ወደ ወንድሞቹ መሄድ ግድ ቢሆን ለዜግነት ሲያመለክት ጥያቄ ቢነሣ የሚያቀርበው ይህንኑ ነው።