ቅድመ አያቴን በየትኛው ስም ልፈልጋቸው?

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ በጎንደር፣ አዘዞ ነው። የዘር ሐረጋችንን ለልጆቼ ጽፌ ለማቆየት አስቤ አባቴን ብጠይቃቸው እስከ ምንጅላታቸው ድረስ ቆጠሩልኝ። ቅድመ አያቴ አገልግለውበታል ወደ ተባለው ደብር ሄጄ በስማቸው ባፈላልግ ግን የሚያውቃቸው ሰው አጣሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ የጠየቁት በዓለም ስማቸው ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ፤ ቤተ ክርስቲያን ሰውን የምታውቀው በክርስትና ስሙ ነውና። በአገራችን አንድ ሰው በዕድሜው ሁለትና ሦስት ስም ይይዛል፤ የቋራው ካሳ ኃይሉ ሲነግሡ ቴዎድሮስ፣ በፈረስ ስማቸውም አባ ታጠቅ ተብለዋል። ሴት ስትዳርም የባሏ ቤተሰብ አዲስ ስም የሚያወጣላት ጊዜ ስለ ነበር፣ አንዲት አያት በሁለት ወገን ሁለት ሰው መስላ ልትቆጠር ትችላለች። ስለዚህ በደብተርዎ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ገጽ ሰጥተው፣ የተጠራበትን ስም ሁሉ ከነገረዎት ሰው ስም ጋር ይጻፉ።

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. በመሆኑ ለቅድመ አያት አይደርስም። ዋናው መዝገብ አረጋውያን ናቸው፤ እነርሱም ቢሆኑ እየቀነሱ ነው። ርስት በአባትም በእናትም ይወረስ በነበረበት ዘመን ትውልድ መቁጠር የመሬት ጉዳይ ነበር፤ የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ ርስትን ሲሽር ግን ቆጠራው ለጋብቻ ብቻ፣ ሰባት ቤት ለመለየት ቀረ። በዚያ ዘመን ርስት ሲከራከሩ የሰሙ ሰዎች ዛሬ ሸምግለዋልና ነገ ዛሬ ሳይሉ ይጠይቋቸው፤ የእናትዎንም ወገን አይርሱ። ዓመተ ምሕረት ከመጠየቅ ይልቅ «ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ፣ በ1934 ኅዳር፣ እናትዎ ታዝለው ነበር ወይስ ከብት ይጠብቁ ነበር?» ቢሏቸው የተሻለ መልስ ያገኛሉ።

ወደ ደብሩ ሲመለሱ አለቃውን አስፈቅደው በብራና መጻሕፍቱ ኅዳግ ላይ የተጻፈ የመሬት ስጦታና ሽያጭ እንዳለ ይጠይቁ፤ በጎንደር አድባራት የሻጭ፣ የገዥና የምስክሮች ስም እንዲህ ይመዘገብ ነበር። ከተማይቱ በ1859 በአፄ ቴዎድሮስ፣ በ1880 ደግሞ በደርቡሽ በመዘረፏና በመቃጠሏ ብዙ ጽሑፍ ጠፍቷል፤ የተረፈው ግን ጥቂት አይደለም።

ከዚያ በፊት ግን አባትዎን፣ ካልሆነም የቤተሰቡን የነፍስ አባት፣ በቅድመ አያትዎ ተዝካር ላይ ካህናቱ የጠሩት ስም ማን እንደ ነበር ይጠይቁ፤ ፍትሐት የሚደረገው በክርስትና ስም ነውና ደብሩን መጠየቅ ያለብዎት በዚያ ስም ነው።