አሮጌዋን ሙስታንግ ያተረፈልኝ አዲሱ ነው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ እኔንም ሁለት ዓመት ያህል ሲያብሰለስለኝ የኖረ ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስልህ። የ1969 ካማሮ መኪና አለችህ፣ አዲስ ኮርቬት የሚባለውን የስፖርት መኪና ልትገዛ አስበሃል፤ የፈራኸው ደግሞ አዲሱ ከገባ በኋላ ካማሮዋ አቧራ ለብሳ እንዳትቀር ነው። «ሸጬ ልገላገል ወይስ ሁለቱንም ይዤ ልደሰትባቸው?» ብለሃል። አትሽጣት። ለምን እንደምልህ ከራሴ ልጀምር።

እኔ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። አሮጌዋ የ1967 ሙስታንግ ናት፤ 289 ኪዩቢክ ኢንች ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር፣ ባለ 4 ማርሽ ካምቢዮ፣ አራቱም እግሯ ታምቡር ፍሬን። አዲሱ የ2024 ሙስታንግ ጂቲ ነው፤ ባለ 5 ሊትር ሞተር፣ በእጅ የሚቀየር ባለ 6 ማርሽ።

አዲሱን ከመግዛቴ በፊት አሮጌዋ ላይ ሰላም አልነበረኝም። ቤልትዌይ በሚባለው የዋሽንግተን ቀለበት መንገድ ላይ ስወጣ ተራ የቤተሰብ መኪና ሳይቀር ጥሎኝ ሲያልፍ ደሜ ይፈላል። ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተሯን አውጥቼ በኮምፒውተር የሚመራ የነዳጅ መርጫ ልገጥምላት፣ ካምቢዮዋን ባለ 5 ላደርገው ወስኜ ዕቃው ሁሉ ተገዝቶ ጋራዥ ውስጥ በካርቶን ተቀምጦ ነበር። አዲሱ የመጣው በዚህ መሃል ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሞተሩን በደቂቃ እስከ 7500 ዙር ስወስደው ነገሩ ገባኝ። አሮጌዋን ምንም ብሠራት እዚህ አትደርስም፤ ደግሞም መድረስ የለባትም። የፍጥነት ጥማቴን አዲሱ ያረካልኛል። ካርቶኑን ሳልከፍተው ሸጥኩት። ያን ሁሉ ብሠራባት ኖሮ ዛሬ የምወዳት መኪና አትኖረኝም ነበር፤ አዲሱ ነው ከእኔ እጅ ያስጣላት።

ቁጥሩን ስታየው ልዩነቱ ይበልጥ ይገባሃል። የእኔ 289 ባለሁለት ጉሮሮ ካርቡራተር ያለው ስለሆነ ፋብሪካው 200 የፈረስ ጉልበት ብሎ ነው የሸጠው፤ አዲሱ 480 ነው። ግን 200ውም ሙሉ 200 አይደለም። ከ1972 ሞዴል በፊት የአሜሪካ ፋብሪካዎች ጉልበት የሚለኩት ሞተሩን ለብቻው መፈተሻ ላይ አስረው፣ ያለ አየር ማጣሪያ፣ ያለ መኪናው ማርሚታ፣ ያለ ዲናሞ ነበር። ጎማው ላይ የሚደርሰው ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። ስለዚህ የካማሮህን የወረቀት ቁጥር ከኮርቬቱ 490 ጋር አታወዳድር። ሁለቱ የተለኩት በተለያየ ሚዛን ነው።

አሮጌዋ የምትሰጠኝ ሌላ ነገር ነው። ልጅ ሆኜ አዲስ አበባ፣ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ፣ ሰፈራችን ያለ ጋራዥ ደጃፍ ቆሜ ነበር የምውለው። መካኒኩን ጋሼ ነበር የምንለው። የቮልስዋገን ዲስትሪቢዩተር (ለሞተሩ የእሳት ብልጭታ የሚያከፋፍለውን) ከፍቶ ፑንቲናውን፣ ማለትም ብልጭታውን የሚያስነሳውን መገናኛ፣ በ0.4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ሲያስተካክል ትንፋሹን ይይዛል፤ መለኪያው ሲጠፋበት ደግሞ የክብሪት ካርቶን ገንጥሎ ያስገባና በጣቱ እየዳሰሰ ይጨርሰዋል። የእኔ ሙስታንግ ፑንቲና 0.017 ኢንች (0.43 ሚሊ ሜትር ገደማ) ነው የሚፈልገው፤ ከዚያ ቮልስ ጋር በፀጉር ነው የሚለያዩት። ቅዳሜ ጠዋት ኮፈኑን ከፍቼ ያቺን ክፍተት ስለካ፣ ከዚያ የነዳጁን ፔዳል ሁለት ጊዜ ረግጬ ሞተሪኖውን ሳዞር፣ ጋራዡን የሚሞላው የቤንዚን ሽታ የጋሼን ጋራዥ ነው የሚያመጣብኝ። አዲሱ ላይ ኮፈን ብከፍት የማየው ጥቁር የፕላስቲክ ሽፋን ነው። ጎበዝ መኪና ነው፤ ከእጄ ግን ምንም አይፈልግም።

አሁን ስለ አደጋው ልንገርህ፣ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ሁለት ሳምንት አዲሱን ብቻ ስነዳ ቆይቼ አንድ ቀን አሮጌዋን አስነስቼ ወጣሁ። ጆርጂያ አቬኑ ላይ መብራቱ ቢጫ ሆነ። ፍሬኑን በአዲሱ እግሬ ረገጥኩት፤ ማለትም ቀለል አድርጌ። መኪናዋ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀጠለች። ሁለተኛ ባለኝ ኃይል ስረግጥ ወደ ግራ ሳበችኝና አፍንጫዋ የእግረኛ ማቋረጫው ላይ ቆመች። የሕፃን ጋሪ የምትገፋ ሴት ልትሻገር አንድ እግሯን አስፋልቱ ላይ አሳርፋ ነበር። እጄ መሪው ላይ ሲንቀጠቀጥ ይታወቀኛል። ጥፋቱ የመኪናዋ አልነበረም፤ እግሬ ሌላ መኪና ውስጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ አሮጌዋን ባወጣሁ ቁጥር ሰፈር ውስጥ፣ ሰው የሌለበት መንገድ ላይ፣ ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጌ ሳላቆማት ዋና መንገድ አልገባም። ኮርቬቱ ሲመጣ አንተም እንዲህ አድርግ። አዲስ መኪና እግርን ያሰንፋል።

ለዚህ ነው አሮጌዋ ላይ አልነካም ካልኩት ውስጥ ደኅንነትን ያወጣሁት። ዘንድሮ የፊት ፍሬኖቿን ወደ ዲስክ እቀይራለሁ። ከወገብ ቀበቶ ሌላ ስላልነበራት የትከሻ ቀበቶም አስገጥሜላታለሁ። አሜሪካ ውስጥ የትከሻ ቀበቶ ለፊት ወንበር ግዴታ የሆነው ከጥር 1968 ጀምሮ ስለሆነ የአንተዋ ይኖራታል፤ ግን ክሩ ከ50 ዓመት በላይ ነውና አስመርምረው።

ጥገናውን በአጭሩ ልለፈው። የአዲሱን ቀጭን ዘይት አሮጌዋ ውስጥ አትጨምር፤ የድሮው ካምሻፍት (ባልቦላዎቹን የሚከፍተው ዘንግ) ዚንክ የበዛበት ዘይት ይፈልጋል፣ በዛሬው ዘይት ውስጥ ደግሞ ዚንኩ ጭሱን ለሚያጣራው ካታሊቲክ ኮንቨርተር ሲባል ተቀንሷል። የማደያው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኤታኖል አለበት፤ የድሮ ጎማ ቱቦዎችን ይበላል፣ ቆሞ ሲከርም እርጥበት ይስባል። ቱቦዎቹን በሙሉ አስቀይር፣ ከአንድ ወር በላይ የምታቆማት ከሆነ የነዳጅ ማረጋጊያ ጨምርበት። እርሳስ ያለበት ቤንዚን ለመንገድ መኪና ከ1996 ጀምሮ ተከልክሏል፤ የድሮውን የባልቦላ መቀመጫ ከመበላት የሚጠብቀው እርሳሱ ስለነበር ቴስታታው ሲታደስ ጠንካራ የባልቦላ መቀመጫ ገብቶለት እንደሆነ የሸጠልህን ሰው ጠይቀው። ጎማ ላይ ደግሞ ጥርሱን ብቻ አትይ። ጎኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር መጨረሻ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ፤ 2314 የሚል ከሆነ እ.ኤ.አ. በ2014 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ጣለው። ኢንሹራንሱን ለክላሲክ መኪና የሚሰጠውን፣ ዋጋው አስቀድሞ በስምምነት የሚጻፈውን አድርገው። ተራው ኢንሹራንስ ካማሮህን እንደ አሮጌ መኪና ነው የሚገምታት።

መንገድን በተመለከተ እኔ ከፍዬላቸዋለሁ። ሥራ የሚሄደው፣ ሩቅ የሚነዳው አዲሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ዝናብ ከሌለ አሮጌዋ ናት፣ ተራዋን አላስዘልልም። መኸር ላይ ቨርጂኒያ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭን እወጣለሁ፤ 105 ማይል ነው፣ ፍጥነቱ በሰዓት 35 ማይል ነው የተወሰነው። አዲሱን አንድ ጊዜ ወስጄው ነበር፤ ሁለተኛ ማርሽ ላይ እየታፈነ ዋለ። አሮጌዋ እዚያ 35 ላይ ሙሉ መኪና ናት። መሪው ይከብዳል፣ ባሌስትራው ይንጫጫል፣ ኩርባ በገባህ ቁጥር ሥራ አለህ፣ ተሳስተህም ስልክ አታስብም። የ13 ዓመቷ ልጄ አዲሱ ውስጥ ስትገባ ጆሮዋን ትደፍናለች፤ አሮጌዋ ውስጥ ግን የመስኮቱን እጀታ በእጇ እያዞረች ታወርዳለች፣ ታወጣለች፣ «አባዬ ቀስ በል፣ ቅጠሉን ልየው» ትለኛለች።

ወደ አንተ ልመለስ። ማርሽ መቀየር እንደምትወድ ጽፈሃል። ኮርቬት ከ2020 ሞዴል ጀምሮ ሞተሩ ከሹፌሩ ጀርባ ነው፣ ካምቢዮውም ባለ 8 አውቶማቲክ ብቻ ነው፤ ፍሪሲዮን የሚረገጥ የለውም። ካማሮዋን ሸጠህ እሱን ብትገዛ በግራ እግርህ የምትሠራው ነገር አይኖርህም። እኔ ብሆን ሁለቱንም እይዛለሁ፣ ገንዘቡ ካልበቃ ደግሞ ኮርቬቱን አንድ ዓመት አዘገየዋለሁ እንጂ ካማሮዋን አልነካም። አዲስ ኮርቬት ከዓመት በኋላም ታገኛለህ፤ አንተ የምታውቃትን፣ ድምፅዋን በጨለማ የምትለየውን ካማሮ ግን አንዴ ከሄደች አታገኛትም።

አንድ ነገር ብቻ፣ ውል ከመፈረምህ በፊት ሜትር ይዘህ ጋራዥህ ግባ። ኮርቬቱ ያለ መስተዋቱ 76 ኢንች ይሰፋል፣ የካማሮዋ በርም ረጅም ነው። እሷን አቁመህ በሯን ሙሉ በሙሉ ክፈትና የሚቀረውን ቦታ ለካ። እኔ ሳልለካ ገዝቼ አሁን በየጠዋቱ በጎን እየተሽሎከለኩ ነው የምገባው።