በአዳማ የፑሚስ ሲሚንቶ ማምረት፦ ጥያቄና መልስ

በአዳማና በአካባቢዋ፣ ክሊንከርን (በምድጃ ተቃጥሎ ሲፈጭ ሲሚንቶ የሚሆነውን ዋና ንጥረ ነገር) በፑሚስ፣ ማለትም ቀዳዳው በበዛ ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በከፊል የሚተካ ዝቅተኛ የካርቦን ልቀት ያለው ማያያዣ የሚያመርት ፋብሪካ ለማቋቋም የሚያስቡ ሰዎች ጥያቄዎች አቅርበዋል። መልስ የሰጡት በግንባታ ዕቃዎች ጥራት ፍተሻ ላይ የሚሠሩ መሐንዲስ ናቸው።

ጥያቄ፦ ኢንጂነር፣ የሲሚንቶ ፋብሪካዎች ከሰሉን ትተው በሌላ ነዳጅ ቢጠቀሙ የካርቦኑ ችግር አይፈታም?

በከፊል ብቻ ይፈታል። ከክሊንከር ልቀት የሚበዛው እጅ፣ ማለትም 60 በመቶ ገደማው፣ ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከኖራ ድንጋዩ የሚወጣ ነው። 100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል 56 ኪሎ ኖራ ይቀራል፤ 44 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ ወደ አየር ይሄዳል። ይህ የኬሚስትሪው ሕግ ስለሆነ በነዳጅ ለውጥ አይስተካከልም። ምድጃውን እስከ 1,450 ዲግሪ የሚያደርሰው ነዳጅ ሲደመርበት አንድ ቶን ክሊንከር ወደ 0.85 ቶን የሚጠጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስከትላል። ስለዚህ በእኛ አቅም ሊደረግ የሚችለው ትልቁ ነገር በከረጢቱ ውስጥ ያለውን የክሊንከር ድርሻ መቀነስ ነው። 95 በመቶ ክሊንከር ያለው ሲሚንቶ በቶን 0.8 አካባቢ ሲለቅ፣ 60 በመቶ ያለው ወደ 0.5 ይወርዳል።

ጥያቄ፦ አዳማ የኖራ ድንጋይ የላትም። ታዲያ ፋብሪካው ለምን እዚህ?

ምክንያቱ እሱ ነው። ክሊንከር የሚመረተው የኖራ ድንጋይ ባለበት፣ ለምሳሌ በሙገርና በድሬዳዋ ነው። እኛ ያለን የስምጥ ሸለቆው እሳተ ገሞራ የተወልን ፑሚስና ቀይ አሽ ነው። ፑሚስ ቶሎ ስለቀዘቀዘ ውስጡ በአብዛኛው መስታወት መሰል ሲሊካ ነው፤ በደንብ ሲፈጭ ክሊንከር ከውሃ ጋር ሲገናኝ ከሚለቀው ኖራ ጋር ተዋህዶ ይጠነክራል። ሮማውያን የቬሱቪየስን አካባቢ አመድ ከኖራ ጋር ቀላቅለው የገነቡት በዚሁ ባሕርይ ተማምነው ነው። ስለዚህ ለአዳማ የሚስማማው ምድጃ የሌለው፣ ወፍጮ ብቻ ያለው ፋብሪካ ነው የሚል እምነት አለኝ። የክሊንከሩ ድርሻ ከ95 ወደ 60 ሲወርድ ለተመሳሳይ የምርት መጠን ከሩቅ የሚጫነው ክሊንከር ከሲሶ በላይ ይቀንሳል፤ ይህ በትራንስፖርት ወጪ ለሚጨነቅ ባለሀብት ከካርቦኑም በላይ የሚናገር ቁጥር ነው።

ጥያቄ፦ ፒፒሲ በሚባለው ቅልቅል ሲሚንቶ ውስጥ ፑሚስ ቀድሞውኑ አለ ይባላል። ምን አዲስ ነገር አመጣችሁ?

እውነት ነው፣ አለ፤ ሐሳቡን እኛ አልፈጠርነውም። በአውሮፓው ምደባ ከ21 እስከ 35 በመቶ ተፈጥሯዊ ፖዞላና (እንደ ፑሚስ ከኖራ ጋር ተዋህዶ የሚጠነክር ነገር) ያለበት አንድ ዓይነት ነው፤ ከ36 እስከ 55 በመቶ ያለበት ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። አዲሱ ነገር ለብሎኬት፣ ለግንብና ለልስን የሚሆነውን፣ ከፍተኛ ጥንካሬ የማይጠይቀውን ምርት ለይቶ በከፍተኛ የፑሚስ ድርሻ ማምረት ነው። ዛሬ ለአጥር ልስን የሚውለው ሲሚንቶ ለፎቅ ኮለን ከሚውለው ጋር አንድ መሆኑ ብክነት ነው።

ጥያቄ፦ የፑሚስ ዱቄቱን በርካሽ ገዝቼ ሳይት ላይ ራሴ ከሲሚንቶ ጋር ብቀላቅልስ?

እዚህ ላይ እጠነቀቃለሁ። በገበያ ላይ የሚበዛው ፒፒሲ ነው፤ በእሱ ላይ እንደገና ፑሚስ የሚጨምር ሰው ድርሻውን ሳያውቀው ከግማሽ በላይ ሊያደርሰው ይችላል። ፋብሪካው 30 በመቶ ቢጨምርና እርስዎ ከዚያ ሲሚንቶ ሲሶውን በፑሚስ ቢተኩት፣ የቀረው የክሊንከር ድርሻ ከ47 በመቶ አይበልጥም። የሚቀላቀለው ከኦፒሲ፣ ማለትም ፑሚስ ካልገባበት ተራ ሲሚንቶ፣ ጋር ብቻ ነው፤ በአካፋ ሳይሆን በሚዛን ነው፤ ለኮለን፣ ለቢምና ለሶሌታ ደግሞ በፋብሪካ ተመርቶና ተፈትሾ የተረጋገጠ ከረጢት ካልሆነ በቀር ፈጽሞ አይሁን።

ጥያቄ፦ ከሞጆ መንገድ ወጣ ብሎ የፑሚስ ካባ አለኝ። የእኔ ፑሚስ ለዚህ ሥራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ከሁሉ ቀድሞ መጠየቅ ያለበትም ይህ ነው። አንድ ካባ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ አይደለም። የላይኛው ሽፋን ብዙ ጊዜ አፈርና ሸክላ የገባበት፣ አየርና ዝናብ ያበላሹት ነው፤ ስለዚህ ናሙና በየጥልቀቱ ተለይቶ፣ በየከረጢቱ ጥልቀቱ ተጽፎበት ይወሰድ። ለመጀመሪያ ግምት የሚሆን ቀላል ፈተና እነሆ፦ ፑሚሱን አድርቀው እንደ በርበሬ ዱቄት እስኪልም ይፍጩት፤ አንድ እጅ ውሃ የጠጣ ኖራ ከሁለት እጅ ዱቄት ጋር በሚዛን ቀላቅለው በጥቂት ውሃ ያቡኩትና በትንሽ ሣጥን ይጠቅጥቁት። በእርጥብ ጆንያ፣ ከላዩም በፕላስቲክ ሸፍነው ሞቅ ባለ ቦታ ለ7 ቀን ካቆዩ በኋላ ባልዲ ውሃ ውስጥ ይክተቱት። ንቁ ፑሚስ ከሆነ ቅርጹን ይዞ ይቆያል፣ በጥፍር ሲጫሩትም አይላጥም፤ ካልሆነ እየላላ ውሃውን ያደፈርሳል።

ይህ ግን ተስፋ ብቻ ነው የሚሰጥዎት። ዋናው ፍተሻ በላቦራቶሪ ነው። በአሜሪካው የጥራት ደረጃ ኤኤስቲኤም ሲ618 መሠረት የሲሊካ፣ የአሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ድምር ቢያንስ 70 በመቶ መሆን አለበት። 20 በመቶ ሲሚንቶው በፑሚስ የተተካበት ሞርታር ደግሞ በ7 ወይም በ28 ቀን ፑሚስ ካልገባበት ሞርታር ጥንካሬ ቢያንስ 75 በመቶውን ማምጣት አለበት። ወፍጮ ከመግዛታችሁ በፊት ለዚህ ገንዘብ አውጡ። ማሽን አስቀድሞ አስገብቶ ጥሬ ዕቃ ፍለጋ የሚወጣ ባለሀብት ጥቂት አይደለም።

ጥያቄ፦ ብሎኬት አምራች ነኝ። በነጋታው ካልጠነከረልኝ ግቢው ይሞላብኛል። ይህ ሲሚንቶ አይጎትተኝም?

ይጎትትዎታል፣ ልደብቅዎ አልችልም። የፑሚሱ ሥራ ከኖራው በኋላ ስለሚመጣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ጥንካሬ ዝቅ ይላል፤ በአንጻሩ ከወር በኋላ እየጨመረ ይሄዳል። ዱቄቱ ይበልጥ ሲልም ክፍተቱ ይጠባል፤ ወጪው ግን ይጨምራል። እንደ እርስዎ ላለ ሰው የምመክረው በ20 በመቶ መጀመር ነው። ከዚያ ሌላ ዋናው ነገር ውሃ ማጠጣት ነው፤ የአዳማ ንፋስና ፀሐይ ብሎኬቱን ከሰዓት በኋላ ሲያደርቀው ያላለቀ ኬሚስትሪ ይቋረጣል። በጥላ ሥር፣ ተሸፍኖ፣ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት እርጥብ ሆኖ ይቆይ። ጠዋትና ማታ ውሃ ረጭቶ ቀኑን ሙሉ ለፀሐይ መተው ማጠጣት አይባልም።

ጥያቄ፦ የወንጂ ስኳር ፋብሪካ የባጋስ (ከተጨመቀ አገዳ የሚቀረው ገለባ) አመድስ?

ሲሊካው ጥሩ ነው፤ ችግሩ ቦይለሩ የተሠራው ለእንፋሎት እንጂ ለአመድ ጥራት አለመሆኑ ነው። ያልተቃጠለ ካርቦን ይቀርበታል፣ ከቀን ቀን ይለያያል፣ ምርቱም የአገዳውን ወቅት ይከተላል። ለሙከራ እንጂ ለዋና ጥሬ ዕቃነት አልመርጠውም።

ጥያቄ፦ በውጭ አገር ኤልሲ3 የሚባለው እየተስፋፋ ነው። ለምን እሱን አንጀምርም?

ኤልሲ3 በግማሽ ክሊንከር፣ በ30 በመቶ የተቃጠለ ሸክላ፣ በ15 በመቶ ጥሬ የኖራ ድንጋይና በ5 በመቶ ጂፕሰም የሚሠራ ነው፤ የስዊዘርላንድ፣ የኩባና የህንድ ተመራማሪዎች ያጎለበቱት ሲሆን ልቀቱን እስከ 40 በመቶ ይቀንሳል። ሸክላው የሚቃጠለው ከ700 እስከ 850 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፤ በሸክላው ውስጥ ያለው ካኦሊናይት የሚባል ማዕድንም ቢያንስ 40 በመቶ ገደማ መሆን አለበት። የታወቀው የቦምቦሃ ካኦሊን (በዚህ ማዕድን የበለጸገ ሸክላ) ያለው በጉጂ ነው፤ ከዚያ ድረስ አፈር ጭኖ አዳማ ማምጣት ትርፉን ይበላል። በቅርብ በቂ ሸክላ ከተገኘ ሁለተኛው ምዕራፍ ሊሆን ይችላል፤ አሁን ግን ምድጃ የማይጠይቀውን እንጀምር።

ጥያቄ፦ መብራትና ማድረቂያስ?

ለወፍጮው በቶን ከ30 እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ይታሰብ። የአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሚመጣ በካርቦን በኩል ሸክሙ ትንሽ ነው፤ መቆራረጡ ግን የታወቀ ነውና የሥራ ፈረቃው እሱን ታሳቢ ያድርግ። ብዙዎች የሚዘነጉት ማድረቂያውን ነው፦ ፑሚስ ቀዳዳው ብዙ ስለሆነ ከካባ ሲወጣ ብዙ ውሃ ይዞ ይመጣል፤ እርጥቡ ወፍጮ ውስጥ ሲገባ በሚፈጩት የብረት ኳሶች ላይ ይለጠፋል፣ ምርቱም ይቆማል። በነዳጅ ካደረቃችሁት ከቆጠባችሁት ካርቦን የተወሰነው ተመልሶ ይሄዳል። ከመስከረም በኋላ ባለው በጋ በሰፊ የሲሚንቶ ወለል ላይ ዘርግቶ፣ እያገላበጡ በፀሐይና በንፋስ ማድረቅና ለክረምት የሚሆነውን በጣሪያ ሥር ማከማቸት ይቻላል፤ ስለዚህ መሬት ሲጠየቅ ለመጋዘኑ ስፋት አይሰሰት።

ጥያቄ፦ ለሠራተኛውና ለአካባቢው ጉዳት አለው?

የደቀቀው ዱቄት ለሳንባ አደገኛ ነው፤ ወፍጮውና የከረጢት መሙያው አቧራ በሚስብ ማጣሪያ ይዘጉ፣ ሠራተኛው በጨርቅ ሳይሆን ለደቃቅ አቧራ በተሠራ ጭምብል ይሥራ። ካባው ደግሞ በእርከን ይቆረጥ። ሲጀመር የተገፈፈው የላይ አፈር ለብቻው ተከምሮ ይቆይ፤ ያ አፈር ከሌለ የተቆፈረው ቦታ ተመልሶ ሣር አያበቅልም።