ኮምፒውተሬ አልበራ አለኝ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሰላም ለሁላችሁም። ሥራዬ ኮምፒውተር መጠገን ነው። ዛሬ የቤት ኮምፒውተራችሁ አልበራ ወይም አልከፍት ብሎ ያስቸገራችሁን ሁሉ ጠይቁኝ፤ በየተራ እመልሳለሁ። አንድ አደራ ግን አለኝ፦ «አይሠራም» ብላችሁ ብቻ አታቁሙ። መብራቱ ይበራል ወይ? ፋኑ ይዞራል ወይ? ስክሪኑ ላይ ምን ተጻፈ? ከመበላሸቱ በፊት ምን ተፈጠረ? እነዚህን ከነገራችሁኝ ችግሩ የቱ ጋ እንዳለ ለመለየት አይከብደኝም።

ጥያቄ፦ ትናንት ማታ መብራት ሄደ። ሲመጣ ዴስክቶፑን ብጫነው ብጫነው ምንም የለም። ፋን የለ፣ መብራት የለ። ተቃጠለ ማለት ነው?

መልስ፦ ገና ነው ወንድሜ፣ አትደንግጥ። ከውጭ ጀምረን ወደ ውስጥ እንግባ። ዲቫይደሩን ተወውና በቀጥታ ግድግዳው ሶኬት ላይ ሰካው። ሶኬቱ መሥራቱን በስልክ ቻርጀር አረጋግጥ። ቀጥሎ የሞኒተሩን የኃይል ገመድ ነቅለህ ኮምፒውተሩ ላይ ሞክረው፤ ብዙ ጊዜ ሁለቱ አንድ ዓይነት ናቸው። ከኋላ ፓወር ሰፕላዩ (ከሶኬት የሚመጣውን ኃይል ለኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ላይ ማብሪያ ማጥፊያ ካለው እሱንም እይ። ቤት ሲጸዳ ሳይታወቅ ይነካና ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ደህና ከሆነ ገመዱን ንቀልና የማብሪያውን ቁልፍ 30 ሰከንድ ያህል ተጭነህ ያዘው። ጥቂት ደቂቃ ቆይተህ መልሰህ ሰካ። መብራት ሲመለስ ቮልቴጁ ከፍ ዝቅ ይላል። ያኔ አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ ራሱን ለማዳን ይቆልፋል። ውስጡ የቀረው ኃይል ሲወጣ ቁልፉ ይለቃል። «ሞቷል» ተብሎ የመጣ ኮምፒውተር በዚህ ብቻ ሲነሳ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ እኔው ነኝ፣ ከላይ የጠየቅኩህ። ያልከውን ሁሉ አደረግኩ፤ ወይ ፍንክች! ዴል ኦፕቲፕሌክስ ነው።

መልስ፦ ዴል መሆኑ ይረዳናል። ብዙዎቹ ኦፕቲፕሌክሶች ከኋላ፣ ገመዱ የሚሰካበት አጠገብ፣ ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍና አረንጓዴ መብራት አላቸው። ገመዱን እንደሰካህ ቁልፏን ተጫን። መብራቷ ከበራች ፓወር ሰፕላዩ ደህና ነው፤ ጥርጣሬያችን ወደ ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ ወደሚሰካበት ዋና ሰሌዳ) ይዞራል። ካልበራች ገመዱን ንቀል፣ ክዳኑን ክፈት፣ ከፓወር ሰፕላዩ ወደ ማዘርቦርዱና ወደ ዲስኩ የሚሄዱትን ገመዶች በሙሉ አላቅቅና እንደገና ሞክር። አሁን ከበራች ካላቀቅካቸው ዕቃዎች አንዱ ሾርት አድርጓል ማለት ነው። አሁንም ካልበራች ፓወር ሰፕላዩን መቀየር ነው። ለመግዛት ስትሄድ አሮጌውን ይዘህ ሂድ። የዴል ትናንሾቹ መጠናቸውም ማገናኛቸውም ከተለመደው ይለያል።

እባክህ የፓወር ሰፕላዩን ቆርቆሮ ራሱን እንዳትፈታው። ገመዱ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል።

ጥያቄ፦ የእኔ ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱም ይበራል። ሞኒተሩ ግን «ኖ ሲግናል» ብሎ ይጠፋል። ማዘርቦርዱ ሄዷል ተብያለሁ።

መልስ፦ እህቴ፣ ይህን ያለሽ ሰው ራሙን (ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ ለጊዜው የሚይዝበትን ትንሽ ሰሌዳ) አውጥቶ አይቶታል? ካላየ ማዘርቦርድ ለመግዛት አትቸኩይ።

መጀመሪያ የሞኒተሩ ገመድ የት እንደተሰካ እዪ። ኮምፒውተሩ ለብቻው የገባ ግራፊክስ ካርድ (ምስል ወደ ሞኒተሩ የሚልክ ሰሌዳ) ካለው ገመዱ ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ መሰካት የለበትም። እሱ ልክ ከሆነ ወደ ራሙ ሂጂ። ገመዱን ንቀይና ክዳኑን ክፈቺ። እጅሽን የኮምፒውተሩ ብረት ላይ አሳርፊ፤ ሰውነትሽ ላይ ያለው ስታቲክ ይለቅሻል። ራሙን የያዙትን ፕላስቲኮች ወደ ውጭ ስትገፊያቸው ራሙ ብቅ ይላል። የታችኛው ጠርዙ ላይ በተርታ የተደረደሩ ወርቃማ እግሮች አሉ። ደብዘዝ ካሉ ወይም ጥቁር ካበጁ በንጹሕ የተማሪ ላጲስ በቀስታ ፈትጊያቸው። ፍርፋሪው ማስገቢያው ውስጥ እንዳይገባ ራቅ ብለሽ አራግፊው። ስትመልሺው ክፍተቱን ከማስገቢያው ጋር አስተካክይና ሁለቱንም ጫፍ ቀጥ አድርገሽ ተጫኚ። ፕላስቲኩ «ቀጭ» ካላለ አልገባም።

ሁለት ራም ካለሽ አንዱን ብቻ አስገብተሽ ሞክሪ፣ ከዚያ ሌላውን፤ ማስገቢያውንም ቀያይሪ። በአንዱ ተነስቶ በሌላው እምቢ ካለ ጥፋተኛውን አገኘሽው። አቧራ በሚበዛበት ቤት የዚህ ዓይነቱ ችግር ዋና መነሻ ራሙ ነው ብዬ በድፍረት እናገራለሁ።

ጥያቄ፦ ሲበራ ጢጥ ጢጥ ይላል። ምን ማለቱ ነው?

መልስ፦ የተበላሸውን እየነገረህ ነው። ስንት ጊዜ እንደሚጮኽ፣ የትኛው ረጅም የትኛው አጭር እንደሆነ ጽፈህ ያዝ። ትርጉሙ እንደ አምራቹ ይለያያል፤ በሞዴሉ ስም ፈልገው። አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ ራም ወይም ስለ ግራፊክስ ካርድ ነው።

ጥያቄ፦ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ለእናቴ አዲስ አበባ ዴስክቶፕ ልልክ ነው። እዚያ ሲሰካ ተቃጠለ የሚሉ ሰዎች ሰምቼ ፈራሁ።

መልስ፦ ሰዎቹ እውነታቸውን ነው። አሜሪካ 120 ቮልት ነው፤ እዚህ ኢትዮጵያ 220። አሮጌ ዴስክቶፖች ከኋላ ፓወር ሰፕላያቸው ላይ ትንሽ ቀይ መቀያየሪያ አላቸው፤ 115 እና 230 የሚል ተጽፎበታል። 115 ላይ እንዳለ እዚህ ከተሰካ በአንድ ጊዜ «ጧ» ይላል፣ ጭስም ይከተላል። ሳትልክ በፊት በጠፍጣፋ መፍቻ ወደ 230 አዙረው። መቀያየሪያ ከሌለው ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብብ። «100–240» ካለ ምንም አያሳስብህ፤ የላፕቶፕ ቻርጀሮችም በአብዛኛው እንደዚያ ናቸው። 115 ብቻ ካለ ግን እዚህ አይሰካም። የሶኬት መቀየሪያዋ እግሩን ብቻ እንጂ ቮልቴጁን አትለውጥም። ሞኒተሩንም እንደዚሁ አጣራ፤ እሱን ብዙ ሰው ይረሳል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የእኔ ሲበራ «ኤፍ 1 ተጫን» ይለኛል። ቀኑም በየጊዜው ወደ ኋላ ይመለሳል። ኢንተርኔት ብገባ ገጾቹ «ደህንነቱ አይታመንም» ይሉኛል። ቫይረስ ይሆን?

መልስ፦ አይ እማማ፣ ቫይረስ አይደለም። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው የሳንቲም ቅርጽ ያላት ባትሪ ደክማለች። ገመዱ ሲነቀል ሰዓቱንና ቀኑን የምትጠብቀው እሷ ናት። ቀኑ ሲሳሳት ኢንተርኔቱም አላምንህም ይላል። ጀርባዋ ላይ ሲአር 2032 የሚል አለ፤ 3 ቮልት ናት፣ የሰዓት ባትሪ የሚሸጥበት ሁሉ አትጠፋም። ገመዱን ነቅለው የሚቀይርልዎት ሰው ያስጠጉ፤ ጽሑፍ ያለበት ገጿ ወደ ላይ ይሁን። ከዚያ ቀኑን ያስተካክሉ፣ በቃ።

ጥያቄ፦ «ኖ ቡታብል ዲቫይስ» (የምነሳበት ዲስክ አጣሁ) ይላል። ሱቅ ብወስደው «ፎርማት ይደረግ» አሉኝ። የልጄ የክርስትና ፎቶ እዚያ ላይ ብቻ ነው ያለው።

መልስ፦ ፎርማት እንዳታስደርግ! ይህን ለአንተ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም ነው የምለው። እኛ ዘንድ ኮምፒውተር ትንሽ ካስቸገረ የመጀመሪያው መድኃኒት ፎርማት ሆኗል። ባለሙያው ሥራው ያልቅለታል፤ የባለቤቱ የዓመታት ፎቶና ሰነድ ግን ይሄዳል። ዲስኩ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ክፍል የሌለው ዓይነት) ከሆነ ደግሞ የጠፋውን መመለስ አብዛኛውን ጊዜ አይቻልም።

መጀመሪያ የተሰካ ፍላሽ ካለ ንቀል። ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን እሱ ላይ እየፈለገ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎ ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ግባ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚጫነው ቁልፍ እንደ አምራቹ ኤፍ 2፣ ኤፍ 10 ወይም ዲሊት ነው። የዲስኩ ስም ይታያል? ከታየ የቡት ቅደም ተከተሉ (ኮምፒውተሩ ዊንዶውስን የሚፈልግበት ተራ) ተዛብቶ ይሆናል፤ ዲስኩን የላይኛው አድርገው። ካልታየ ገመዱን ንቀልና ክፈተው፣ የዲስኩን ሁለት ገመዶች አውጥተህ መልሰህ ጠበቅ አድርገህ ሰካ። የላላ ገመድ ይህን ሁሉ ጣጣ ያመጣል።

አሁን ጆሮህን አስጠጋ። ሃርድ ዲስኩ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ተደጋጋሚ ድምፅ ካለው ወዲያው አጥፋው። ውስጡ አንባቢው ክፍል ተጎድቷል። ደጋግመህ ባበራኸው ቁጥር የሚድነው ፎቶ እያነሰ ይሄዳል። የቤት ውስጥ ሙከራ እዚህ ላይ ያቁም፤ መረጃ በማውጣት ሥራ ላይ ላለ ሰው ስጠው።

ድምፅ ከሌለውና ባዮስ ላይ ከታየ ግን ዲስኩን አውጥተህ ከሳታ (የዲስኩ ማገናኛ) ወደ ዩኤስቢ በሚያገናኝ ገመድ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ሰካው። የላፕቶፕ ትንሹ ዲስክ ከዩኤስቢው ኃይል ያገኛል፤ የዴስክቶፑ ትልቁ የራሱ አዳፕተር ይፈልጋል። ሌላው ኮምፒውተር «ፎርማት ልድረገው?» ብሎ ከጠየቀህ እምቢ በል። ፎቶዎቹን ሁለት ቦታ ከገለበጥክ በኋላ የፈለጉትን ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ አፕዴት አድርጎ ከተነሳ ወዲህ «ፕሪፔሪንግ አውቶማቲክ ሪፔር» እያለ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ዊንዶውስ 11 ነው።

መልስ፦ ዕቃው ሳይሆን ዊንዶውሱ ነው የታመመው። የጥገናው ገጽ ከመጣልህ «ትራብልሹት»፣ ከዚያ «አድቫንስድ ኦፕሽንስ» ግባ። ካልመጣ የዊንዶውስ ምልክት ሲታይ የማብሪያውን ቁልፍ ተጭነህ አጥፋው፤ ሁለት ሦስቴ ስትደግመው ራሱ ይመጣል። እዚያ «አንኢንስቶል አፕዴትስ» የሚለውን ሞክር፣ አንተ ዘንድ የተጀመረው በአፕዴት ነውና። ካልሆነ «ስታርትአፕ ሪፔር»፣ ከዚያ «ሲስተም ሪስቶር»። «ሪሴት» (ዊንዶውስን እንደ አዲስ የሚጭነው) የመጨረሻው ነው። «ኪፕ ማይ ፋይልስ» ብትመርጥ ፋይልህ ይቀራል፤ የጫንካቸው ፕሮግራሞች ግን ይጠፋሉ።

መንገድ ላይ 48 አሃዝ ያለው የቢትሎከር (ዊንዶውስ ዲስኩን የሚቆልፍበት) ቁልፍ ቢጠይቅህ አትደናገር። አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ባለቤቱ ሳያውቀው በርቶ ይገኛል። በስልክህ የማይክሮሶፍት አካውንትህ ውስጥ ግባ፤ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ተቀምጧል።

ጥያቄ፦ ተነስቶ ከትንሽ ሰከንድ በኋላ ድብን ብሎ ይጠፋል። ቤት ቀይረን ነበር።

መልስ፦ በጉዞ ላይ የፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ላልቶ ይሆናል፤ ፕሮሰሰሩ ከመጠን በላይ ሲግል ኮምፒውተሩ ራሱን ያጠፋል። ከፍተህ ፋኑን በጣትህ ነካ አድርገው፤ ከተወዛወዘ እሱ ነው። ማቀዝቀዣው ከቦታው ሲነሳ አሮጌው ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) ደርቆ ታገኘዋለህ፤ ጠርገህ የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ አድርግበትና አጥብቀህ እሰረው።

ጥያቄ፦ ላፕቶፕ ላይ ቡና ፈሰሰ። ፀሐይ ላይ ላስጣው?

መልስ፦ ፀሐይም ሩዝም አያስፈልግም። አሁኑኑ አጥፊው፣ ቻርጀሩን ንቀይ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጪው። ክፍት አድርገሽ ኪቦርዱን ወደ ታች ድፊው። «ይሠራ እንደሆን» ብለሽ አታብሪው፤ ማዘርቦርዱን የሚገድለው እርጥበቱ ሳይደርቅ መብራት ማግኘቱ ነው። ስኳር ካለው ደግሞ ሲደርቅም ይጣበቃል፤ ተከፍቶ በአልኮል መታጠብ አለበት።

ጥያቄ፦ ስታቢላይዘር አለኝ። ይበቃል?

መልስ፦ ለቮልቴጅ መዋዠቅ ይረዳል። መብራት ድንገት ሲሄድ ግን ኮምፒውተሩም አብሮ ይሄዳል፤ ዲስክና ዊንዶውስ የሚበላሹት ያኔ ነው። አቅም ካለህ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ከባትሪው ኃይል የሚሰጥ ሳጥን) ጨምር፤ ፋይልህን አስቀምጠህ በሥርዓት ለመዝጋት የሚሆን ጊዜ ይሰጥሃል። አቅም ከሌለህ መብራት እንደሄደ ገመዱን ንቀል። ሲመጣ ቶሎ አትሰካ፤ የቤቱ አምፖል መዋዠቁን እስኪተው አምስት አሥር ደቂቃ ጠብቅ።