ማሙሽ ሲሸብት
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ስለ ልጅ ስም አወጣጥ

ጥያቄ፦ በመጪው ወር ወንድ ልጅ እንጠብቃለን። ባለቤቴ አጭርና አፍ ላይ የሚጣፍጥ ስም ትፈልጋለች። እኔ ደግሞ ትልቅ ሰው ሲሆን የማያሳፍረውን እፈልጋለሁ። የሚያስታርቀን መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። አጭሩ ለቤት ይሁን፣ ሙሉው ለወረቀት። ቴዎድሮስ ቴዲ፣ ቤተልሔም ቤቲ፣ ዮናታን ዮኒ እየተባሉ ያድጋሉ፤ ሥራ ሲይዙና ትዳር ሲመሠርቱ የሚመለሱበት ሙሉ ስም ግን አላቸው። ጣጣው የሚመጣው የቁልምጫው ስም የልደት ምስክር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ነው። ማሙሽ፣ ሚሚ፣ ቤቢ፣ ሚጣ ሁሉም በሕፃን ልክ የተሰፉ ናቸው። ረጅሙን ማሳጠር ቀላል ነው፤ ከቤቢ ግን ሌላ ስም አይወጣም። በእርግጥ ማሙሽ ተብለው የተከበሩ አዛውንቶች አሉ፤ ስሙን ያስከበሩት ግን እነሱ ናቸው እንጂ ስሙ እነሱን አላገዛቸውም።

አንድ ፈተና እናቀብላችሁ። ያሰባችሁትን ስም ጮክ ብላችሁ በየዕድሜውና በየማዕረጉ ጥሩት፦ ተማሪ እገሌ፣ ዶክተር እገሌ፣ አቶ እገሌ፣ ጋሼ እገሌ፣ አባባ እገሌ። ለሴት ልጅ ወይዘሮንና እትዬን ጨምሩ። «አባባ ቤቢ» ላይ ስትደርሱ ሳቅ ካመለጣችሁ ነገሩ አለቀ። ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈራው ተቃራኒውን ነው፤ ገብረመድኅን ለጨቅላ አይከብድም ወይ ይላል። አይከብድም። ቤተሰቡ በሳምንቱ ገብሬ ይለዋል። ከባድ ስም በቁልምጫ ይለዝባል፤ ቀላል ስም ነው ሽማግሌ ላይ የሚቀለው።

ወንድ ልጅ በመሆኑ ደግሞ ሌላ ሒሳብ አለ። በእኛ አጠራር ስሙ የልጆቹ የአባት ስም፣ የልጅ ልጆቹ ደግሞ የአያት ስም ይሆናል። አንዲት ሐኪም በር ላይ «ዶክተር ሰላም ማሙሽ» ተብሎ ሲለጠፍ አስቡት። (የሴት ልጅ ስም እንዲህ አይወርድም። ልክ ነው አላልንም፣ አሠራሩ ግን ይኸው ነው።) ዱሮ ከፍ ያለ ሰው ስሙን ከማዕረጉ ጋር ይለውጥ ነበር፤ ካሳ ሲነግሡ ቴዎድሮስ ተባሉ፣ ተፈሪ መኮንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ ኃይለ ሥላሴ። ዛሬ ሚኒስትርም ቢሆን ክትባት ካርዱ ላይ በወጣለት ስም ነው የሚሾመው።

ጥያቄ፦ ልጃችን የተፀነሰችው በጭንቅ ጊዜ ነው። ያንን የሚያስታውስ፣ ትርጉም ያለው ስም ልናወጣላት አስበናል። ምን ትላላችሁ?

መልስ፦ ዘመንን የሚጠራ ስም ዕድሜ ያጋልጣል፤ አብዮት የሚባል ሰው ስሙን ገና ሲናገር ሰሚው ስለ 1966 ያስባል። የወላጅን ስሜት የሚጠራ ስም ደግሞ ማብራሪያ ያስከትላል። ምትኬ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ ብዙ ጊዜ ከሐዘን በኋላ የሚወጡ ስሞች ናቸው፤ ልጁ ያላየውን ወንድም ወይም እህት ታሪክ በየደረሰበት ሲጠየቅ ይኖራል።

ይሁን እንጂ ትርጉም በአጠቃቀም ይደበዝዛል። ከበደ ሲባል ክብደት፣ አበበ ሲባል አበባ ትዝ የሚለው ሰው የለም፤ ሰውየውን ብቻ ነው የምናስበው። ምትኬና ካሳሁንም ብዙ ስለተጠሩ በመጠኑ ደብዝዘዋል። ያልደበዘዘው ትናንት የተፈጠረው ነው። ስለዚህ ጭንቁን ማስታወስ ከፈለጋችሁ ጭንቁን ሳይሆን መውጫውን ጥሩ፤ ያውም ብዙ ሰው በሚያውቀው ስም፦ ምሕረት፣ በረከት፣ ትዕግሥት።

በኢንተርኔት «በግእዝ እንዲህ ማለት ነው» ተብሎ የሚዞረውን ስም ግን ሳታጣሩ አትውሰዱ። በአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ የግእዝ መዝገበ ቃላት ፈልጉት። ወይም ግእዝ የሚያውቁ ሁለት ሰዎችን ለየብቻ ጠይቁ፤ የሰማችሁትን ትርጉም አስቀድማችሁ አትንገሯቸው፣ አለዚያ «አዎን» ብለው ይሸኟችኋል።

ጥያቄ፦ ወልደ ሚካኤል ሁለት ቃል መሆኑ ችግር ያመጣል?

መልስ፦ ለያይታችሁ ከጻፋችሁት ያመጣል። ቅጹ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም የሚል ሦስት ሣጥን ነው ያለው። መዝጋቢው ወልደን ለልጁ፣ ሚካኤልን ለአባት ይሞላና እውነተኛው አባት ወደ አያት ሣጥን ይገፋል፤ አያት ከነጭራሹ ይጠፋል። ከመጀመሪያው ወረቀት ጀምሮ ወልደሚካኤል ተብሎ ገጥሞ ይጻፍ። ሰረዝ መሐሉ ማስገባትም አያድንም፤ ፓስፖርት ላይ ማሽን በሚያነበው መስመር ሰረዝ እንደ ክፍተት ነው የሚቆጠረው። አብዱልቃድርና ኑረዲንም እንደዚሁ ሳይነጣጠሉ ይጻፉ። ተነጥሎ የቀረ «አብዱል» እና ተነጥሎ የቀረ «ወልደ» አንድ ናቸው፤ የማን እንደሆኑ ሳይነገር ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

ርዝመቱንም ቁጠሩ። በዚያ የፓስፖርት መስመር ላይ ለስም ያለው ቦታ በስሞቹ መካከል የሚገቡትን መለያ ምልክቶች ጨምሮ 39 ፊደል ነው። ወልደሚካኤል ገብረመድኅን ተክለሃይማኖት በተለመደው የላቲን አጻጻፍ 12፣ 11 እና 13 ፊደል ነው፤ ከ3 መለያ ጋር (አንዱ ክፍተት ሁለት መለያ ይወስዳል) ልክ 39 ይሞላል። አንድ ፊደል ቢጨመር ይቆረጣል። አባትና አያት ሁለቱም ጥምር ስም ካላቸው ለልጁ አጠር ያለ ብትመርጡ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የባለቤቴ ስም ዘገየ ነው። ልጃችንን ሰላም ልንላት ስንል እህቴ ሳቀች። ምን አገኘች?

መልስ፦ «ሰላም ዘገየ» ብለው ያንብቡት፤ ዜና ይመስላል። ከአባቶች ስም ብዙው ግሥ ስለሆነ ከፊቱ ነገር የሚጠራ ስም ሲገባ ዓረፍተ ነገር ይሆናል፦ ፍቅር ከበደ፣ ሰላም ተፈራ። አንዳንዴ ያምራል፤ ሕይወት ታደሰን ማን ይጠላል? ለእርስዎ የሚበጀው የሰው ስም ብቻ የሆነውን መምረጥ ነው። ማርታ ዘገየ፣ ሐና ዘገየ ሲባል ዓረፍተ ነገር አይገጥምም፤ ሴት ብትዘገይ «ዘገየች» ነበርና የሚባለው።

የአባት ስም ሌላም ነገር ይወስናል። ተስፋዬን ወይም ከበደን የመሰለ የተለመደ ስም ከሆነ ለልጅ እምብዛም ያልበዛውን ይምረጡ፤ አለዚያ በክፍልም በባንክም ስሙ ከነአባቱ የሚመሳሰል ሌላ ሰው ይገጥማታል። ዘገየ ያን ያህል ስላልበዛ ማርታም ሐናም አያስቸግሯትም።

ጥያቄ፦ ቅድስት በላቲን በኬ ነው ወይስ በኪው?

መልስ፦ ሁለቱም ይጻፋል፤ ስህተት የሚሆነው ሁለቱንም መጠቀም ነው። ትምህርት ቤት በኬ፣ ፓስፖርት በኪው ከወጣ በኋላ አንድ ሰው መሆኗን በማስረጃ ማሳመን ይመጣል። አንዱን ወስኑና ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ከልደት ምስክር ወረቀቷ ጋር አኑሩት፤ ቅጽ የሚሞላላት ሁሉ ከዚያ ይገልብጥ። በአማርኛውም ያው ነው። ኃይሉና ሀይሉ ለጆሮ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒዩተር ግን ሁለት ሰዎች። ፀሐይ ደግሞ በፀ ወይስ በጸ፣ በሐ ወይስ በሀ እያለች አራት ዓይነት ትጻፋለች። ይህን ሁሉ መሸሽ የሚፈልግ ወላጅ የሀ፣ የሰ፣ የአ እና የጸ ሞክሼ ፊደላት የሌሉበትን ስም ይፈልግ፦ በረከት፣ ብሩክ፣ ማርታ፣ ዮናታን።

ጥያቄ፦ ልጃችን ሁለት ወር አልፎታል፣ አያቱ ባወጡለት ስምና እኛ በመረጥነው መካከል ተቸግረናል። እስከ መቼ መቆየት እንችላለን?

መልስ፦ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ልደት በ90 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት፤ አንድ ወር ግድም ቀርቷችኋል ማለት ነው። አያት ባወጡት ስም ይጥሩት፤ ልጅ ሁለት ስም ኖሮት በሁለቱም አቤት ማለት አያቅተውም። የሚመዘገበው ግን አንዱ ነው። ክትባት ካርዱ ላይ የትኛው እንደተጻፈ ከወዲሁ እዩ፤ ከምትመርጡት ጋር ካልገጠመ አሁኑኑ ይስተካከል። ምዝገባ ቦታ ስትደርሱ ስሙን በቃል ብቻ አትናገሩ፣ በአማርኛና በላቲን ተጽፎ ይያዝ። ምስክር ወረቀቱ ታትሞ ሲሰጣችሁም ከመፈረማችሁ በፊት እዚያው ቆማችሁ የልጁን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ፊደል በፊደል አንብቡ። አንድ ፊደል ተሳስቶ ከወጣችሁ በኋላ ማመልከቻ ይዞ መመለስ ነው።