በበራዱ ላይ የተቀረጸው ምን ይላል?

ጥያቄ፦ በመንገድ ሥራ ላይ አብሮኝ የነበረ ቻይናዊ ባልደረባዬ ወደ አገሩ ሲመለስ ቡናማ የሸክላ በራድ በስጦታ ሰጠኝ። በአንድ ጎኑ የቻይንኛ ጽሑፍ ተቀርጾበታል፤ ከሥሩም ማኅተም አለው። ጽሑፉ የፋብሪካ ስም ነው ወይስ ሌላ ትርጉም አለው? እንደ ጀበናችን አሟሽቼ ከሰል ላይ ልጥደውስ እችላለሁ?
አንባቢ፣ ከአዳማ

መልስ፦ የሚያስቸኩለው ሁለተኛው ጥያቄዎ ስለሆነ ከእርሱ ልነሣ። በራዱን ከሰልም ሆነ ምድጃ ላይ ፈጽሞ አይጣዱት። ጀበና ቡናው በውስጡ እንዲፈላ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ይህ በራድ ግን በሌላ ዕቃ የፈላ ውሃ የሚጨመርበትና የሻይ ቅጠሉ የሚዘፈዘፍበት ብቻ ስለሆነ፣ እሳት በቀጥታ ካገኘው ሊሰነጠቅ ይችላል።

እንደ ገለጻዎ ከሆነ ስጦታዎ የዪሺንግ በራድ ይመስላል። ዪሺንግ በምሥራቅ ቻይና፣ በጂያንግሱ ክፍለ ሀገር፣ ከታይ ሐይቅ በስተ ምዕራብ የምትገኝ ከተማ ናት። ቻይናውያን ዚሻ ወይም «ሐምራዊ አሸዋ» የሚሉት፣ ብረት የበዛበት የአካባቢው አፈር ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በራድ ሲሠራበት ኖሯል። እንደ እኛ አገር ሸክላ ሠሪዎች ሁሉ የዪሺንግ ባለሙያም በጥንቱ ስልት ሲሠራ በሚሽከረከር መንኮራኩር አይጠቀምም፤ ጭቃውን በእንጨት ጠፍጥፎ እንደ መቀነት ይቆርጠዋል፣ ጫፍና ጫፉን አጋጥሞ ክብ ያደርገዋል፣ ከዚያም በአንድ እጁ እያዞረ በሌላው መታ መታ እያደረገ ትከሻውን ይሰበስበዋል። እስከ 1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት ሲተኮስም የሚያብለጨልጭ ቅብ ስለማይደረግበት፣ የሚታየው ቀለም የአፈሩ የራሱ ነው። ቅብ አለመኖሩ ደግሞ ለጽሑፍ አመቺ አድርጎታል፤ ጽሑፉ ጭቃው ከመተኮሱ በፊት በቢላ ተቆርጦ ይገባል፣ እሳቱም እንዳለ ያጸናዋል።

የሠሪው ስም ብዙውን ጊዜ ከሥሩ ባለው ማኅተም ላይ ነው፤ በጎኑ ያለው ጽሑፍ ግን በአብዛኛው አጭር ግጥም ነው። ይህን ልማድ ከፍ ወዳለ ደረጃ ያደረሰው ማንሸንግ በሚል የብዕር ስሙ የሚታወቀው ቼን ሆንግሾው (እ.ኤ.አ. 1768–1822) ነው። ማንሸንግ ማኅተም ቀራጭ፣ ሠዓሊና ገጣሚ ሲሆን፣ የዪሺንግ ጎረቤት በሆነችው በሊያንግ የወረዳ ሹም ነበር። የበራዶቹን ቅርጽ እርሱ እየነደፈ፣ ያንግ ፔንግኒየን የተባለው ሸክላ ሠሪ ከእኅቱና ከወንድሙ ጋር ይሠራቸው ነበር፤ ግጥሙን ማንሸንግና ወዳጆቹ ይደርሱና ይቀርጹ ነበር። ከእጃቸው በወጡት በራዶች ሥር «አማንቱኦ ሺ» የሚለው የማንሸንግ ማኅተም፣ ከእጀታው በታች ደግሞ «ፔንግኒየን» የሚለው የሠሪው ትንሽ ማኅተም ይገኛል። አንድ ሹም ስሙን ከሸክላ ሠሪ ስም ጋር በአንድ ዕቃ ላይ ማኖሩ፣ ሸክላ ሠሪን ለረጅም ዘመን ስናንቅ ለኖርን ለእኛ ልብ የሚነካ ነገር ነው።

የማንሸንግ ግጥሞች ያለ በራዱ ቅርጽ ሙሉ አይሆኑም። ገበሬዎች የሚደፉትን ሰፊ የቀርከሃ ቆብ በሚመስለው በራድ ላይ የተቀረጸው፣ «ቆቡ ከሐሩር ያስጠልላል፣ ሻይ ጥምን ይቆርጣል፤ ሁለት ናቸው ወይስ አንድ? ቡድሃዬ አልተናገረም» ይላል። ግጥሙን ከቆቡ ቅርጽ ብንለየው ግማሹን እናጣለን፤ ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ይህን ወዲያው ይረዳዋል። ሌላው በራድ ደግሞ የጥንት የጉድጓድ ውሃ አፍ ድንጋይ ቅርጽ ያለው ሲሆን፣ በሊያንግ በሚገኝ እንዲህ ባለ ድንጋይ ላይ እ.ኤ.አ. በ811 የተጻፈውን ጽሑፍ ይዟል።

የታወቁት ግጥሞችና ማኅተሞች እስከ ዛሬ በአዳዲስ በራዶች ላይ ስለሚገለበጡ ማኅተም ብቻውን የዕድሜ ማስረጃ አይሆንም። በእጅ የተቀረጸ መሆኑን ለማወቅ ግን በአጉሊ መነጽር ይመልከቱት፤ ቢላ የቆረጠው መስመር ጥልቀቱ ይለዋወጣል፣ ጫፉም ስል ነው፤ በቅርጽ ማውጫ የታተመው ግን ጠርዙ የደበዘዘና ወጥ ይሆናል።

ማሟሸቱን በተመለከተ፣ በሙቅ ውሃ አለቅልቀው የሚጠጡትን ሻይ ሞልተው ያሳድሩበት። ሸክላው ሽታ ስለሚይዝ ሳሙና አያስነኩት፤ ቀረፋና ቅርንፉድ ያለበትን ሻይም ባይጨምሩበት እመክራለሁ፣ ቅመሙ በቀላሉ አይለቅም። ከተጠቀሙበት በኋላ ክዳኑን ከፍተው ያድርቁት።

የእርስዎ በራድ ግጥም ምን እንደሚል ግን ከባልደረባዎ የተሻለ የሚነግርዎ የለም። የጽሑፉን ፎቶግራፍ አንሥተው ይላኩለትና ለምን ይህን እንደመረጠ ይጠይቁት። ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበብ ከሆነ፣ በግራ መጨረሻ ያሉት ትንንሽ ፊደላት አብዛኛውን ጊዜ የቀራጩ ስም ናቸውና እነርሱም በፎቶግራፉ ውስጥ መግባታቸውን ያረጋግጡ።