መልስ፦ የሊኑክስ ከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 6.12 ወይስ 6.13?

6.12ን ያዝ። ለኮምቦልቻው ትምህርት ቤት የምታዘጋጀው የሊኑክስ ሲስተም ሊቆለፍ (ከዚያ በኋላ ስሪቱ ላይቀየር) ሁለት ሳምንት ቀርቶት "ቁጥሩ የሚበልጠው 6.13 አይሻልም ወይ?" ብለሃል። አይሻልም።

አዲስ ከርነል በየ9 ወይም 10 ሳምንቱ ይወጣል። ተራ ስሪት ከሆነ ግን ቀጣዩ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ጥገናው ይቋረጣል። እ.ኤ.አ. በጥር 2025 የወጣው 6.13 ዓመት እንኳ ሳይሞላው ነው የቆመው። 6.12 ግን ለረጅም ጊዜ እንዲጠገን የተመረጠ ነው። ዴቢያን 13 የተባለው የሊኑክስ ዓይነትም ይዞት የወጣው እሱን ነው። ትምህርት ቤቱ ደግሞ አንዴ ከተጫነለት ለዓመታት አይነካውም፣ ታውቀዋለህ።

ከመቆለፍህ በፊት፦

1. ካሉት ኮምፒውተሮች አሮጌውን ምረጥና እሱ ላይ ሞክር። አዲሱማ ይሠራል።
2. ዋይፋይ፣ ድምፅና ፕሪንተር እይ። ኮምፒውተሩን አስተኝተህ (ስሊፕ አድርገህ) ቀስቅሰው።
3. ከዚያ በኋላ የ6.12ን የጥገና ዝመናዎች ብቻ ተቀበል። 6.12.1፣ 6.12.2 እያለ የሚሄደውን ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ደሴ ላይ ለአንድ ላብራቶሪ ስሠራ፣ ልናስረክብ ሦስት ቀን ሲቀረን ከርነሉን ቀየርኩት። የዩኤስቢ ዋይፋዩ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራው ፕሮግራም) ከከርነሉ ጋር የሚመጣ ሳይሆን ለብቻው የሚገነባ ነበር። በአዲሱ ላይ አልገነባም አለ። ኢንተርኔት የለ፣ ማስተካከያውን ማውረጃ የለ! ያዳነኝ ከግሩብ ሜኑ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከርነል ከሚመረጥበት ዝርዝር) ላይ ያልሰረዝኩት አሮጌው ከርነል ነው። አንተም አትሰርዘው።